ሙት መንፈሷም አቦል ይድረሳት

ደሴ ውስጥ ባዶ በር ማግኘት ከባድ ነው። በሩስ ሞልቷል። አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይወጣል፤ አንዱ ደግሞ ሳይገባ ሳይወጣ መቃኑን ተደግፎ የቤቱን ሰው ሁሉ በየስሙ ጤና ይጠይቃል። ለእንግዳ ይህ ደስ ይላል። ለሆረር ፊልም ግን መዓት ነው።

ሆረር የሚሠራው በባዶ ቦታ ነው። ልጅቷ ከፊት ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ከኋላዋ ጨለማ በር አለ። ካሜራው አይንቀሳቀስም። ምንም አይመጣም። ተመልካቹ ልጅቷን ትቶ በሩን ማየት ይጀምራል። አሁንም ምንም የለም። ሊመጣ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ላብ ያጠምቀዋል። ወሎ ላይ ግን ሊመጣ ያለው ይታወቃል። ጎረቤት ነው።

ይህ ሁሉ የገባኝ የሰፈራችን ልጅ ሲኒማቶግራፈር፣ ማለትም የፊልም ቀራጭ፣ ከሆነ ወዲህ ነው። ሰፈሩ ያን ረጅም ስም ሲጠራ ስለሚደክመው በአጭሩ «ካሜራው» ይለዋል። «ካሜራው መጣ»፣ «ካሜራው ዛሬ ከስቷል»፣ «ካሜራው ምሳ በልቷል?» እየተባለ ይኖራል። ካሜራው ሁለት ዓይነት ፊልም ይቀርጻል፤ ሆረርና ኮሜዲ። የፍቅር ፊልም አይነካም። ሰርግ ይቀርጻል፤ እሱን ከፍቅር ጋር አታምታቱብኝ። እናቱ ስለ ልጃቸው ሥራ ሲጠየቁ «አንድ ሳምንት ሰው ያስፈራል፣ አንድ ሳምንት ሰው ያስቃል፤ ገንዘቡን ግን በሁለቱም ሳምንት አላየነውም» ይላሉ።

«አንድ ሰው እንዴት ሁለቱን ይችላል?» የሚል አይጠፋም። ካርል ፍሮይንድ ችሎታል። ፍሮይንድ እ.ኤ.አ. በ1890 ቦሄሚያ ውስጥ ተወልዶ፣ በጀርመን ድምፅ አልባ ፊልሞች ስሙን የተከለ ካሜራማን ነው። በ1929 አሜሪካ ገባ። በ1931 «ድራኩላ»ን ቀረጸ። ፊልሙን ያየ ሰው የደም መጣጩን ዓይን አይረሳውም፤ ዙሪያው ጨልሞ ዓይኑ ላይ ብቻ ቀጭን ብርሃን ያርፋል። በማግስቱ ዓመት ከግንዙ የሚነሣ የግብፅ ሬሳ ይዞ ብቅ አለ፤ ይኼኛውን ዳይሬክት ያደረገው ራሱ ነው።

ከዚያስ? በ1951 «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለውን የቴሌቪዥን ኮሜዲ ያዘ። ሦስት ካሜራ በአንድ ጊዜ ይቀርጻል፤ ታዳሚው ፊት ለፊት ተቀምጦ ይስቃል። ሦስት ካሜራ ከሦስት አቅጣጫ ሲያይ ለአንዱ ያማረው ጥላ ለሌላው ቆሻሻ ነው። ስለዚህ ሰውየው መብራቱን ከላይ ሰቅሎ መድረኩን እኩል አበራው። ዕድሜውን ሙሉ ሲኮተኩተው የኖረውን ጥላ በስተርጅና ከቤት አባረረው።

ኦስካር ያገኘው ግን በድራኩላም በሉሲም አይደለም። በ1937ቱ «ዘ ጉድ ኧርዝ» ነው፤ ስለ ቻይና ገበሬዎች የሚያወራ ፊልም። ይህን ለካሜራው እናት ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አላልኩትም? እርሻው ይሻለው ነበር።»

ወደ እኛው ልጅ እንመለስ። የሆረር መብራት ከታች ይመጣል። ፀሐይም አምፖልም ከላይ ስለሆኑ ዓይናችን የለመደው ጥላ ፊት ላይ ወደ ታች ሲወርድ ነው። መብራቱን አገጭ ሥር ስታደርገው ጥላው ሽቅብ ይወጣል፣ የሚታወቅ ፊት የማይታወቅ ይሆናል። በዚህ ዘዴ ስንት አገር ጮኋል። ካሜራው የመጀመሪያ ሆረሩን ለሰፈሩ ሲያሳይ ግን አንድም ሰው አልጮኸም። ሙት መንፈሷ ከታች በርታ ብቅ ስትል ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ «ውይ፣ አያቴን!» አለ። ድምፁ ውስጥ ናፍቆት ነበረበት።

ምን ይደረግ? በኩራዝና በምድጃ ያደግን ሰዎች ነን። የአያቶቻችን ፊት የሚበራው ሁልጊዜ ከታች ነበር፤ ከሰል ላይ ጎንበስ ብለው ጀበና ሲጥዱ፣ የጅብ ተረት ሲያወሩልን። ያ ፊት ቆሎ የሚዘግንልን ፊት ነው። እንዴት ብለን እንፍራው?

ተፈጥሮ ግን ረድታዋለች። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ተሰቅላ ነው ያለችው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጭጋግ ሌላው አገር በጭስ ማሽን፣ በኪራይ የሚያገኘውን ነገር በነፃ ያለብሳታል። ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ስለዚህ ካሜራው ሥራውን በሁለቱ መሀል ባለው ጠመዝማዛ መንገድ፣ በሐረጎ ከፈለው። ሐረጎን ሲወርድ ኮሜዲ፣ ሲወጣ ሆረር። ጠመዝማዛው ላይ የጭነት መኪና ፊት ለፊት ሲመጣ የሚሆነውን አልቆጠርኩም፤ እሱ ያልተቀረጸ ሆረር ነው። ችግሩ ጭጋጉ ፕሮግራም አያውቅም። ሙት መንፈሷ በጭጋግ ውስጥ መራመድ ትጀምርና ግቢው መሀል ስትደርስ ፀሐይ ይወጣል። በስተኋላዋ የተሰጣ የሕፃን ልብስ ይታያል።

አንድ ሌሊት ነጭ ፎም እንድይዝ ተመደብኩ። ፎሙ ብርሃን ይመልሳል፤ እጅ ደግሞ ይገነጥላል። ቤቱ አሮጌ ሰፈር ውስጥ ያለ፣ ቆርቆሮው የዛገ የጭቃ ቤት ነው። ሙት መንፈሷ ነጠላ ለብሳ፣ ፊቷ ላይ የፉርኖ ዱቄት ተነስንሶባት ጥግ ላይ ተራዋን ትጠብቃለች። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ትወና አይደለም፣ ብርድ ነው። ጀነሬተሩ በኪራይ ነው። ሁሉም ነገር ዝግጁ ሆነ። «ሳይለንስ! ሮሊንግ! አክሽን!»

ባዶው በር ጨለመ። አንድም ድምፅ የለም። ሆዴ ተላወሰ፤ እኔ ራሴ ፈራሁ። ከጨለማው ውስጥ ቀስ ብሎ ቀይ ፍም ወጣ። ከፍሙ በላይ ከታች የበራ ፊት ታየ። ከዚያ ጭስ። ከዚያ የዕጣን ሽታ።

«ቢስሚላሂ። ልጆቼ፣ በዚህ ብርድ ቡና ሳትቀምሱ?»

የጎረቤት እማማ ናቸው። ማንደጃውን በአንድ እጃቸው፣ ጀበናውን በሌላው ይዘዋል። ከኋላቸው የልጅ ልጃቸው ረከቦቱን ተሸክማ ቆማለች። ዳይሬክተሩ ግንባሩን ያዘ። እማማ ዙሪያውን ቃኙና ዓይናቸው ጥግ ላይ አረፈ።

«ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው እንዲህ የነጣችው?»

«ሙት መንፈስ ነኝ፣ እማማ።»

ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ሙትስ ብትሆኚ፣ ሙት አይበርደውም ያለሽ ማነው? ነይ ማሬ፣ ጋቢዬን ደርቢ። አብሽሪ።»

አቦል ተጠጣ። ቶና ተጠጣ። ዳይሬክተሩ ሊነሣ ሲል «በረካውን ሳትጠጣ?» ተባለ፤ እንግዲህ በረካ ረግጦ የሚሄድ ሰው የለም። ጀነሬተሩ በረካው ላይ ቤንዚን ጨረሰ። ፎሙን አስቀመጥኩ።

ካሜራው ግን ብልጥ ነው። «ካት» ስላልተባለ እሱም አላቆመም ነበር። ፍሙ ከጨለማ ሲወጣ፣ ያ ፊት ሲበራ፣ ሁሉም ተቀርጿል። ዳይሬክተሩ ንግግሩን ቆርጦ ሾቷን ፊልሙ ውስጥ ከተታት። አዲስ አበባ ላይ ተመልካች እዚያ ቦታ ላይ ጮኸ አሉ። ደሴ ሲታይ «ምነው፣ የቡና ቁርስ የለውም እንዴ?» የሚል ቅሬታ ተሰማ።

ኮሜዲውስ ቀና ነው ትላላችሁ? ኮሜዲ ሰፊ ፍሬም ይፈልጋል። ሰው ሲያዳልጠው እግሩም፣ ጭቃውም፣ ፊቱም በአንድ ጊዜ መታየት አለባቸው። ካሜራ ዝም ብሎ መቆም አለበት፤ ሩጫው የተዋናዩ ነው። በየመሀሉ ከቆራረጥከው ሳቁ ይሞታል። (አንዳንዱ ኮሜዲያችን ይህን ረስቶ መብራቱን ሁሉ ያበራል፣ ተዋናዮቹን ሁሉ ያስጮሃል፤ ቀልዱ ብቻ ይጨልማል።)

ኮምቦልቻ ላይ የተቀረጸው ትዕይንት ቀላል ነበር። ሱፍ የለበሰ ኩሩ ሰውዬ ጭቃ ላይ ይወድቃል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አስቂኙ ነገር ማንም አለማየቱ ነው። ተዋናዩ ወደቀ። «እኔን! እኔን ልጄ!» አንዲት ቃሪያ ሻጭ መደቧን ትታ እየሮጠች መጣች። ካት። ለሰው ሁሉ ተነገረ፤ ፊልም ነው፣ ዝም በሉ። ሰው ሁሉ እሺ አለ። ተዋናዩ ድጋሚ ወደቀ። ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች አንሥተው ሱሪውን ያራግፉለት ጀመር። «ፊልም መሆኑንማ እናውቃለን» አሉ። «ግን ወደቀ እኮ!»

ሌላው ቀረጻ ላይ አንድ አዛውንት በከዘራቸው ፍሬሙን ሰንጥቀው ገቡ። ተዋናዩን ተጭነው አስተኙት፣ ቁርጭምጭሚቱን ጠመዘዙት፣ ወጌሻ ካልታየ ይህ እግር አይቆምም ብለው ፈረዱ። ተዋናዩ ደህና ነኝ ብሎ ቢምል ማን ሰምቶት! ውሃ መጣለት። ዱአ ተደረገለት። አንዷ ሽሮዋን ይዛ መጣች። ዳይሬክተሩ በመጨረሻ ድርሰቱን ቀየረ። አሁን ፊልሙ ላይ ሰውየው ይወድቃል፤ ከዚያ ርኅራኄው መውጫ ያሳጣዋል። ከመጀመሪያው ድርሰት ይልቅ ይኼኛው ያስቃል። ደራሲው ግን እስካሁን አኩርፏል።

የካሜራው እንጀራ ያው ሰርግ ነው። ሰርግ ላይ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። ፊልም ላይ ማንን ከፍሬም እንደምታስወጣ ትመርጣለህ። ሰርግ ላይ ሰው ከፍሬም አይወጣም። ከወጣ ጉዳዩ ቅሬ ይደርሳል። (ሸገሮች ዕድር የምትሉት ነው።) አንድ የሙሽራ አጎት በሰርጉ ቪዲዮ ውስጥ በግራ ትከሻቸው ብቻ ተገኙ። «ስጦታ አልሰጠሁም? እስክስታ አልመታሁም? ታዲያ ራሴ የት ሄደ?» ብለው ከሰሱ። የቅሬው ሽማግሌዎች ተቀምጠው መከሩ፤ ቪዲዮውን ወደፊትም ወደኋላም አዩ። ፍርዱ ይህ ነበር፦ ካሜራው አጎትየው ቤት ሄዶ፣ ሰውየው ያንኑ ኩታ ለብሰው፣ ለብቻቸው ይቀረጹና መሀል ላይ ይግቡ። ስለዚህ በዚያ ሰርግ ቪዲዮ ውስጥ አንድ ሰው ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑና ከፍሪጁ መሀል፣ ብቻቸውን እስክስታ ይመታሉ። እንደዚያ የሚያስፈራ ነገር በሆረሮቹ ውስጥ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ሰፊ ሌንስ ገዛ። ዘመድ ሁሉ ገባለት። ሰፊ ሌንስ ግን ዳር ያለውን ፊት ይጎትታል። ሆረር ሲሠራ ገዳዩን ሆን ብሎ ዳር የሚያቆመው ለዚሁ ነው። አሁን ሰርግ ላይ ዳር መቆም የፈለገ ዘመድ ጠፍቷል። ሁሉም መሀል ነው፤ ሙሽሮቹ ዳር ቆመዋል።

ባለፈው ካሜራው ራሱ ሽማግሌ ላከ። ለማን? ለሙት መንፈሷ። በዚያ ሌሊት እማማ ጋቢ ሲያለብሷት ያየው ነገር አለ መሰለኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሸህ፣ አንዱ ቄስ ናቸው። እኔ ወሬ ለመልቀም ተከትያለሁ። የልጅቷ አባት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

«ሲኒማ ነው» አሉ ቄሱ።

«አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ ሰይጣን ቤት ነበር ያለው። ታውቃላችሁ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባትየው ቀጠሉ።

«ፊልሙን አይቼዋለሁ። እኔ ልጄን በሙሉ ፊት ነው ያሳደግኳት። ግማሹን የት አደረገው?»

«ጥላ ነው ጋሼ» አልኩ ከበሩ። «ጥበብ ነው። ካርል ፍሮይንድም...»

«እሱም የእናንተ ሰፈር ልጅ ነው?»

ሸሁ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ። ከዚያ ስለ ልጁ ጠባይ አወሩ፤ እናቱን አከባሪ ነው፣ ጫት አያበዛም፣ ኮሜዲም ይሠራል፣ ሰርግም ይቀርጻል። ሰርግ ሲባል አባትየው ትንሽ ለዘብ አሉ። ምርኩዛቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ተመቻችተው ተቀመጡ።

«እንግዲያው አንድ ነገር ንገሩኝ። የልጄ ሰርግ በየትኛው ነው የሚቀረጸው? በሆረሩ ነው፣ በኮሜዲው?»

«እሱማ» አሉ ሸሁ ጢማቸውን እየዳበሱ «በእርስዎ ድግስ ይወሰናል።»

አባትየው ወደ ጓዳ ዞረው የበሬ ዋጋ ዘንድሮ ስንት እንደገባ ጠየቁ።