ይድረስ ነዳጅ ስሰጥ ብቻ ለሚናገሩት ለክቡር ክርርርር

ጉዳዩ፦ መኪናዬን ለቀው እንዲወጡ ማሳወቅን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ እንደምን ሰንብተዋል? እንዲያው ለወጉ ጠየቅሁ እንጂ ደህንነትዎን ባሕር ዳር ውስጥ ከቀበሌ 14 እስከ ሐይቁ ዳር ያለ ሰው ሁሉ በጆሮው እየሰማ ነው። ከጢስ ዓባይ ስመለስ ሳልጠራዎት አብረውኝ መጡ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልወረዱም።

ጠባይዎን ለማያውቁ ልናገር። ነዳጅ ስረግጥ ክርርርር ይላሉ፤ እግሬን ሳነሣ ጭጭ። ባጃጅ ልቀድም ስል ይጮኻሉ፤ በዘንባባው ሥር ቀስ ብዬ ስነዳ የሉም። 380 ሜትሩን አዲሱን የዓባይ ድልድይ በአንድ ፍጥነት ስሻገር ትንፍሽ አይሉም። ጋራዥ በር ላይ ስደርስማ አማቷ ፊት እንደቀረበች ሙሽራ አንገትዎን ይደፋሉ። መካኒኩ ኮፋኖውን ከፍቶ፣ ማርሹን ፎሌ (ባዶ) አድርጎ ነዳጅ ይሰጣል። ሞተሩ ጤነኛ ነው። መካኒኩ ቀና ብሎ እኔን ያየኛል፤ በሽተኛው እኔ ነኝ ማለት ነው።

«ወንድሜ፣ ምንም የለውም እኮ።»

«አሁን፣ በሩ ላይ እስክደርስ ይጮህ ነበር!»

«እንግዲያው ሲጮህ አምጣው።»

እርስዎ ዝም ባሉ ቁጥር ደግሞ ከተማው ስለ እርስዎ ያወራል። ባለ ባጃጁ አንገቱን አውጥቶ «የፍሬን ሸራህ አልቋል!» ይለኛል። ሸራ ቢሆን ባብዛኛው ፍሬን ስይዝ ነበር የሚጮኸው፤ እርስዎ ግን ፍሬን ስይዝ ነው የሚያርፉት። ጎረቤቴ «የጎማ ኩሽኔታ ነው» ብሎ ማለ። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነዳጅ ተሰጠ አልተሰጠ ጉዳዩ አይደለም፤ መኪናው እስከተንከባለለ ድረስ ያጉረመርማል፣ ፍጥነት ሲጨምር ይብስበታል፣ መታጠፊያ ላይም ድምፁ ይለወጣል። ከሁሉ የከፋው «ካምቢዮ ነው፤ ይውረድ» ያለኝ ነው። የማርሽ ሳጥኑን ዘይት እንኳ ሳያይ! (ይውረድ የሚል ሰው ካምቢዮው የራሱ ሆኖ አያውቅም።) አክስቴ «ጠበል እርጭበት» አለችኝ፤ ከቀረበልኝ ሁሉ የእሷ ረከሰ። ቴፕ ከፍ ማድረግን ከጥገና የሚቆጥሩትን አላነሣቸውም።

ክቡርነትዎ፣ ምሽግዎ ከተማችን ራሷ ናት። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ብስክሌት ነጂው ይመስክር። በጋራዡ ዙሪያ አንድ ዙር ሲዞሩ ሞተሩ ሸክም አይሰማውም፤ ሸክም ካልተሰማው እርስዎ ከእንቅልፍዎ አይነሡም። ስለዚህ መካኒኩን ለምኜ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወሰድኩት። ሰው ቤዛዊት የሚወጣው የጃንሆይን ቤተ መንግሥትና ከሥር የሚወርደውን ዓባይ ለማየት ነው፤ እኛ እርስዎን ልንሰማ ወጣን። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ጀመርኩት፣ ነዳጅ ጨመርኩ፣ መቼም አላሳፈሩኝም። ክርርርርርር! መካኒኩ በመስኮት ያወጣውን ጆሮውን መልሶ «ኧረ አለ!» አለ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያስደሰተኝ ብልሽት የለም።

የቀረው የእርስዎ ውርደት ነው። ወርደን ሜዳ ላይ አቆምን። «የእጅ ፍሬን ያዝ፣ የእግሩንም ጥብቅ አድርገህ ርገጥ፣ አንደኛ አስገባና ፍሪሲዮኑን በስሱ ልቀቅ» አለኝ፤ እሱ ከጎን ቆሞ፣ ረዳቱን ከመኪናው ፊት ገፍትሮ። ሞተሩ ብድግ አለ። በአንድ ወገኑ እንዳለ ተነሣና፣ ፍሪሲዮኑን መልሼ ስረግጥ ጧ ብሎ ተቀመጠ። ሞተር ጎማ ሲያዞር ራሱም በተቃራኒው ሊጠመዘዝ ይታገላል፤ አደብ የሚያስገዙት ጎሚኒ (ላስቲክ) ያላቸው መቀመጫዎቹ ናቸው። የእኔው አንዱ ዘይት ሲንጠባጠብበት ኖሮ ጎሚኒው ቦክቷል፤ የመንገዱ ጉድጓድ ደግሞ ጨርሶ ለሁለት ተርትሮታል። ረዳቱ ከሥር ገብቶ ጠራን። የጭስ ማውጫው ቱቦ ዝገት በዝገት ነው፤ መሐሉ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቦታ ብቻ ተፍቃ ታብለጨልጫለች፤ ከበላይዋ በመኪናው ወለል ላይ አቻዋ አለች። የክቡርነትዎ መኖሪያ ይቺ ናት! ነዳጅ ስሰጥ ሞተሩ ይጋደላል፣ ቱቦው ከወለሉ ይፋጫል፤ እግሬን ሳነሣ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ እርስዎም ይሰወራሉ። ያን ሁሉ ዝና ያተረፉት በአውራ ጣት ይዞታ ነው።

ስለሆነም ጎሚኒው ነገ ጠዋት ይቀየራል፤ ዘይቱ የሚያፈስበትም ይደፈናል፣ አለዚያ አዲሱንም ይበላዋልና። «ለጊዜው ቱቦውን በሽቦ ወጥረን እንሰረው» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ የእርስዎን ውል ማደስ ስለሚሆንብኝ አልተቀበልኩትም። ያለ ካሣና ያለ ምትክ ቦታ እንዲለቁ አሳውቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር፣
ባለ መኪናው

ግልባጭ፦
ለካምቢዮ፤ ስምዎ በከንቱ በመነሣቱ ለይቅርታ
ባለፈው ሳምንት ከኋላ በስተቀኝ ለጀመረው ፉጨት፤ እንዲያውቁትና ተራዎን እንዲጠብቁ