ዳምብልዶርን ለምን አስጮኻችሁብን?

ኧረ በሕግ አምላክ! ይህን ነገር ለዓመታት በሆዴ ይዤ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ግን ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ አራተኛውን የሃሪ ፖተር ፊልም ከፍታ አብሬያት ቁጭ አልኩ። 12 ዓመቷ ነው፤ መጽሐፎቹን ገና አልጀመረችም። ያ ትዕይንት ሲቃረብ እኔን ገና ከአሁኑ ይጨንቀኛል። ለአደገኛው የአስማት ውድድር ተወዳዳሪ የሚመርጠው የእሳቱ ጽዋ የሃሪን ስም ይተፋል፤ ልጁ ግራ ተጋብቶ ወደ ጓዳው ክፍል ይገባል፤ ከዚያ የአስማት ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ዳምብልዶር እየተጣደፈ ይመጣና ጨምድዶ ይዞት፣ ወደ ኋላ እየገፋው፣ "ስምህን ጽዋው ውስጥ ከተሃል?" እያለ ይጮኽበታል። ልጅቷ ዞር ብላ "አክስቴ፣ ይሄ ሰውዬ ክፉ ነው እንዴ?" አለችኝ።

አንጀቴ አረረ። ክፉ ነው እንዴ! በዚያ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ልጁ የሚጠጋበት ትልቅ ሰው እኮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው መጽሐፍ ውስጥ ያው ጥያቄ አለ። ደራሲዋ ግን ዳምብልዶር ጥያቄውን "በእርጋታ" ጠየቁ ብላ ነው የጻፈችው። አንዲት ቃል ናት፤ ግን ሰውየው በሙሉ እዚያች ቃል ውስጥ ናቸው። የእንግዳ ትምህርት ቤቶቹ ኃላፊዎች ተጭበረበርን ብለው ይንጫጫሉ፣ መምህሩ ስኔፕ በነገር ይወጋል፣ ልጁ የሁሉም ዓይን አርፎበት ደርቆ ቆሟል። በዚያ ጫጫታ መሀል ድምፃቸውን ከፍ ያላደረጉት ርዕሰ መምህሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ፊልም ይህን ገልብጦ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው እሱ እንዲሆን አደረገው።

እያያችሁ ነው? የመጽሐፉን ዳምብልዶር ሳነሳ አፌ ሳያስበው "እሳቸው" ይላል፤ የፊልሙን ሳነሳ "እሱ" እላለሁ። አስቤበት አይደለም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊልሞች ላይ፣ ሪቻርድ ሃሪስ ሲጫወቱት፣ አሁንም አንቱ ያሰኛል፤ ዝግ ያለ ድምፅ፣ ዝግ ያለ እርምጃ። ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ2002 አረፉ፤ ከሦስተኛው ፊልም ጀምሮ ማይክል ጋምበን ተተኩ። በተዋናዩ አልፈርድም። ትልቅ ተዋናይ ነበሩ፤ ያንን ትዕይንት ቀርጸው አይተው "ይሁን፣ ይሄዳል" ያሉት ሌሎች ናቸው።

"አንድ ትዕይንት ነው፣ ምን ያንገበግብሻል?" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ፣ መምህሩን ሙዲን መስሎ ዓመቱን ሙሉ ያስተማረው ሰው ሃሪን ሊገድል ሲል፣ ዳምብልዶር በሩን ሰብረው ይገባሉ። ያኔ ፊታቸው ላይ ያ የለመድነው ፈገግታ የለም፤ ከመነጽራቸው በስተጀርባ ያለው ብልጭታ ጠፍቷል፤ ቁጣቸው እንደ እሳት ከሰውነታቸው ይወጣል። ክፉው ጠንቋይ ቮልድሞርት የሚፈራው እሳቸውን ብቻ ነው የሚባለው ለምን እንደሆነ ሃሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባው እዚያ ላይ ነው። እኔም ያኔ መጽሐፉን ይዤ ተንቀጥቅጫለሁ። ያ ቁጣ የሚያስፈራው ከዚያ በፊት እንዲያ ተቆጥተው ስላላየናቸው ነው! ፊልሙ ግን ቁጣውን ገና መሀል ሳይደርስ፣ ያውም በአንድ ምስኪን ልጅ ላይ በተነው። ለመጨረሻው ምን ቀረ?

ደግሞ ስድስተኛው! እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው። ዳምብልዶር የሚሞቱበት ማማ ላይ፣ በመጽሐፉ፣ ሃሪ በሚሰውረው ካባ ውስጥ ሳለ ዳምብልዶር ቃል ሳይናገሩ በአስማት ያደርቁታል፤ ልጁ እንዳይወጣና እንዳይሞት። ራሳቸውን ለመከላከል የነበረቻቸውን አንዲት ቅጽበት በእሱ ላይ ነው ያዋሏት፤ በዚያችው ቅጽበት ሊገድላቸው የተላከው ተማሪ ማልፎይ በትራቸውን አስጣላቸው። የመጨረሻዋን አስማታቸውን ለልጁ ሰጡ ማለት ነው። በፊልሙ ሃሪ ከወለሉ ሥር በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ማንም ሳያስረው፣ ወደ ላይ እያየ ዝም ይላል። የዳምብልዶር ስጦታ ተሰረዘ፤ ሃሪም ቆሞ ተመልካች ሆነ። ሁለቱንም ነው የበደሉት። ቀብሩንም አስቀርተውታል፤ እኔ ያለቀስኩበትን ቀብር!

ከሁሉም በላይ የማልረሳው ግን ይቅርታውን ነው። ሃሪ በመጨረሻው መጽሐፍ በሞትና በሕይወት መካከል ሆኖ ዳምብልዶርን ሲያገኛቸው፣ እኚያ ትልቅ ሰው እያለቀሱ ይቅርታ ይለምኑታል። አላመንኩህም፣ ደበቅሁህ፣ እኔ በወደቅሁበት እንዳትወድቅ ፈራሁ፣ አንተ ከእኔ የተሻልክ ሰው ነህ ይሉታል። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ክብር ላይ ያለ አዛውንት ለ17 ዓመት ልጅ! እኔ ከቤተሰቤም ከመምህሮቼም ይቅርታ ያለኝ ትልቅ ሰው አልገጠመኝም፤ ያንን ምዕራፍ ሳነብ ለሦስት ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ፊልም ውስጥ ነጩ ብርሃን አለ፣ ባቡር ጣቢያው አለ፤ እንባውና ይቅርታው የለም።

የፊልም ሰዓት አጭር መሆኑ ይገባኛል። መጽሐፍ ይቆረጣል፤ ቁረጡ። እዚህ ግን ሰውየውን ሌላ ሰው ነው ያደረጉት። በእርጋታ መጠየቅ እየጮኹ ከመጠየቅ ስንት ሴኮንድ ይበልጣል?

የ"ቀለበቶቹ ጌታ" ፊልም ሠሪዎችም በአዛውንቱ ጠንቋይ በጋንዳልፍ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሠርተዋል። በመጽሐፉ በሞሪያ ዋሻ እንለፍ የሚሉት ራሳቸው ጋንዳልፍ ናቸው፤ ለእሳቸው ሕይወት የሚሰጋውና የሚያስጠነቅቃቸው የጉዞ ጓደኛቸው አራጎርን ነው። ወደ ሞታቸው የገቡት በራሳቸው ምርጫ ነው። ፊልሙ ሞሪያን የሚፈራ ሰው አደረገውና ውሳኔውን ቀለበቱን በተሸከመው በፍሮዶ ትከሻ ላይ ጣለው። የፊልሙ ጋንዳልፍ የከተማውን ገዥ ዴኔቶርን፣ ልጁ የሞተበትን አባት፣ በወታደሮቹ ፊት በበትር እየደበደበ ሲጥለው ሲኒማው ውስጥ ሰው አጨብጭቧል። የመጽሐፉ ጋንዳልፍ እኮ አይመቱትም፤ እስከ መጨረሻው በቃል ይለምኑታል፣ ይከራከሩታል።

አሁን የሃሪ ፖተር ታሪክ ለቴሌቪዥን እንደ አዲስ እየተሠራ ነው፤ ዳምብልዶርን የሚጫወቱት ጆን ሊትጎው ናቸው። ካባው ምን ዓይነት ቀለም ቢሆን፣ ጺሙ ቢረዝም ቢያጥር ግድ የለኝም። አራተኛው መጽሐፍ ላይ ስትደርሱ ግን፣ እባካችሁ፣ ወደዚያ ክፍል ቀስ ብለው ይግቡ። ልጁ ፊት ይቁሙ። ቀስ ብለው ይጠይቁት።