ፋይበሩን ቅንጦት ያላችሁት ሰዎች

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ኮሌጅ የምርምር ሐሳቦችን ሲገመግም ተገኝቼ ነበር። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ውስጡ ክፍት በሆነ ኦፕቲካል ፋይበር (ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ክር) በደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን ለመለየት ሐሳብ አቀረበች። ውድቅ ተደረገባት። ምክንያቱ? «ፋይበር የኢንተርኔት ዕቃ ነው፤ ለእኛ ይሄ ቅንጦት ነው።» ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

የኢንተርኔቱ ፋይበር ድፍን መስታወት ነው። ይሄኛው መሀሉ ቀዳዳ ነው፤ ብርሃኑም የሚሄደው በቀዳዳው ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ፊሊፕ ረስል እ.ኤ.አ. በ1991 ያሰበው ነገር በ1999 ተሠርቶ ታይቷል። ቀዳዳው ውስጥ ናሙና ትሞላለህ፣ ሌዘሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ በናሙናው ውስጥ ያልፋል፣ ፕሮቲኑ ላይ የተጣበቀው ማቅለሚያ በሌላ ቀለም ያበራል፣ ያንን ብርሃን ደግሞ ፋይበሩ ራሱ ወደ መለኪያው ይዞት ይመጣል። ይህን ሳያነቡ መፍረድ ነውር ነው።

ደግሞ መጠኑን አስቡት። የቀዳዳው ስፋት 20 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሃምሳኛ)፣ ርዝመቱ 10 ሴንቲሜትር ቢሆን የሚይዘው 31 ናኖሊትር ገደማ ነው። ከአንድ ሚሊሊትር 30 ሺህ ጊዜ ይሞላል! የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ጥር ላይ የእህቴ የሦስት ወር ልጅ ታሞ ክሊኒክ ወሰድነው። ነርሷ ደም ሥር አጥታ እጁንም እግሩንም አምስት ጊዜ ወጋችው። ብልቃጧ ግማሽ ሳትደርስ «አይበቃም፣ ነገ ተመለሱ» ተባልን። እህቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለዚያ ልጅ ከጠብታ ያነሰ ደም የሚበቃው መሣሪያ ነው ቅንጦት የተባለው?

ፍሎረሰንስ፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ በሌላ ቀለም ማብራት፣ ራሱ ለእኛ መች እንግዳ ሆነ? አክታን ኦራሚን በሚባል የሚያበራ ማቅለሚያ ቀልሞ በኤልኢዲ ማይክሮስኮፕ ማየትን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 መክሯል፤ የእኛም ላብራቶሪዎች ይሠሩበታል። የቲቢው ባክቴሪያ ጥቁር መደብ ላይ እያበራ ይታያል። እሱን ማንም ቅንጦት ብሎ አያውቅም።

አዎ፣ ሙሉ ደም ቀዳዳውን ይደፍናል፤ መጀመሪያ ሕዋሳቱ መጣራት አለባቸው። ፈሳሽ ሲገባበትም ፋይበሩ የሚያሳልፈው የብርሃን ቀለም ይቀየራል። ልጅቷ ልትሠራ የተነሳችውም ይህንኑ ነው እኮ!

የጠየቀችው ጥቂት ሜትር ፋይበርና ለአንድ ሴሚስተር የላብራቶሪ ጥግ ነው። ሌዘሩ ካርቶኑ ሳይከፈት ስቶር ውስጥ ተቀምጧል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ኮሚቴው እንደገና ይሰብሰብ፤ እሷንም ጠርቶ ይስማት።