ኖሙ መነኩሴ ምን አጠፋ?

ሰሞኑን አንድ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ተጫዋቾች ምናባዊ ጀግኖችን ሆነው በዳይስ የሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ) መሪ ለአዲሱ ዘመቻው ሕግ አውጥቶ ለተጫዋቾቹ በተነ። መሃሉ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ኖም መነኩሴ አይፈቀድም። ሦስት ጫማ ገደማ የሆነ ፍጡር ኦገር በቡጢ ሲጥል ማየት ጨዋታውን ያቀለዋል።» ኖም ድንክ የተረት ዘር ነው፣ መነኩሴ በባዶ እጁ የሚፋለም ተዋጊ፣ ኦገር ደግሞ ግዙፍ ጭራቅ። ሕጉን ሳነበው ደሜ ፈላ።

ዝቅ ሲል እዚያው ገጽ ላይ ሃፍሊንግ (ሌላው ድንክ ዘር) መነኩሴ ተፈቅዷል። ሃፍሊንግስ ስንት ጫማ ነው? እሱም ሦስት ገደማ! እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው መመሪያ ሁለቱም 40 ፓውንድ አካባቢ ይመዝናሉ፣ ሁለቱም ትንሽ ከሚባሉት ይመደባሉ። ስለዚህ ቁመት ሰበብ ነው። ሰውዬው ኖም አይወድም፣ በቃ።

ለመሆኑ መነኩሴ ኦገር የሚጥለው በጡንቻ ነው ያለው ማነው? ቡጢው የሚሠራው በቅልጥፍና ነው። አምስተኛ ሌቨል (የብቃት ደረጃ) ላይ ደግሞ የሚያደነዝዝ ምት ያገኛል፤ የዚህ ምት ጉልበት ጥበብ ነው። ጥበቡ 3 የሚጨምርለት ኖም ኦገሩን መታው እንበል። ኦገሩ ለመትረፍ 14 ማምጣት አለበት። ከጽናቱ 3 ያገኛል። ባለሃያው ዳይስ ላይ 11 ወይም ከዚያ በላይ ካልወጣለት ደነዘዘ። ግማሽ በግማሽ ዕድል ማለት ነው። ያ ሁሉ ግዙፍ ሥጋ ፈዞ ይቆማል፣ ጓደኞቹ እየተፈራረቁ ይወርዱበታል። እስቲ በዚህ ስሌት ውስጥ ቁመት የቱ ጋ ነው ያለው? ሰባት ጫማ የሚረዝም ጎልያት (የጨዋታው ግዙፍ ዘር) በኖሙ ቦታ ቢቆም ኦገሩ ያው 14 ነው የሚጠየቀው። በ2014ቱ መመሪያ ትንንሾቹን የሚጎዳቸው ከባድ መሣሪያ ነበር፤ መነኩሴ ደግሞ ከባድ መሣሪያ ምን ያደርግለታል?

እንዲያውም ኖም ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ጠንቋይ አእምሮውን ሊይዘው ሲሞክር፣ በእውቀት፣ በጥበብም ሆነ በግርማ ሞገስ ሲከላከል፣ ሁለት ዳይስ ጥሎ የተሻለውን ይወስዳል። የመነኩሴ ትልቁ ትግል ራሱን መግዛት አይደለም እንዴ? ቡድኑ በድግምት ተይዞ እርስ በርሱ ሲፋጅ ቀጥ ብሎ የመቆም ትልቁ ዕድል ያለው ይኸው የተከለከለው ኖም ነው።

ፍጥነቱ? እሺ፣ በ2014 25 ጫማ ብቻ ነበር። ግን መነኩሴ ከሆነ ሁለተኛ ሌቨል ላይ 10 ጫማ ይጨመርለታል። የ2024ቱ መመሪያ ደግሞ መነሻውን ራሱ 30 አድርጎታል። ይህም ክርክር አለቀለት።

የመሪው ሐሳብ የድሮ ነው። በ1978ቱ መመሪያ መነኩሴ መሆን የሚችለው ሰው ብቻ ነበር። በ2000 በወጣው ሦስተኛው እትም ለትንንሾቹ ቢፈቀድም ቡጢያቸው በአነስተኛ ዳይስ ነበር የሚቆጠረው። ጨዋታውን የሚያዘጋጁት ራሳቸው የጣሉትን ገደብ እሱ ከቆሻሻ ገንዳ አውጥቶ ተጫዋቾቹ ላይ ይጭናል።

ሕጉን ይሰርዝ። አልሰርዝም ካለም ሃፍሊንጉንም ይከልክልና ተጫዋቾቹ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይሂዱ።