በሜዳ የተሞከረ ፍሬን

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ጭኖ የሚወርድ ሹፌር፣ ፍሬኑ ሜዳ ላይ ስለያዘለት ብቻ አያምነውም። መንገዱ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ይሄ መንገድ ሰሞኑን ትዝ ያለኝ በስልክ ምክንያት ነው።

ፒያሳ ሻይ እየጠጣን አንዲት ጓደኛዬ የልጇን ትኩሳት ለአንድ ቻትቦት፣ በጽሑፍ ለሚያወራ ማሽን፣ በአማርኛ ጻፈችለት። (ስሙ ይቆይ።) ወዲያው ስንት ማንኪያ ሽሮፕ እንደምትሰጠው ነገራት። ያንኑ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጻፍኩለት። የልጁን ዕድሜና ክብደት ጠየቀኝ፤ ሽሮፕ ሁሉ እኩል ጥንካሬ እንደሌለውም አስጠነቀቀኝ። በእንግሊዝኛ ጠንቃቃ፣ በአማርኛ "አብሽሪ" ባይ። እሷ ግን ፋርማሲ ሄደች። ደግ አደረገች።

የአንድ ቀን ገጠመኝ ነው ትሉኝ ይሆናል። በፈረንጆቹ 2023 የአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጂፒቲ-4ን፣ የኦፕን ኤአይ ኩባንያን የቻትቦት ሞዴል፣ ፈትነውት ነበር። ሊመልሳቸው የማይገቡ ጎጂ ጥያቄዎችን በእንግሊዝኛ ሲያቀርቡለት፣ ክልከላውን አልፎ መልስ ያገኘው ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ጥያቄዎቹን እንደ ዙሉ ኢንተርኔት ላይ ብዙ ጽሑፍ ወደሌላቸው 4 ቋንቋዎች በጉግል ተርጉመው ሲሞክሩ ግን፣ ከመቶው 79ኙ ቢያንስ በአንዱ ቋንቋ አለፉ።

አማርኛ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአፍ አንድ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። አንድን ስድብ በአንዱ ፊደል የከለከለ ማጣሪያ፣ በሌላው ተጽፎ ሲመጣ ላያውቀው ይችላል። በላቲን ፊደል የምንላላከውን አማርኛማ ተዉት። ይህን ባሕር ማዶ ያለ ፈታኝ ከየት ያመጣዋል? እዚህ የአስረኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል።

ሌላም አለ። የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር የዕቃ ሰነድ ለማሽን አስነብቦ ማጠቃለያ አሠራ እንበል። ሰነዱ ውስጥ በነጭ ቀለም "ዋጋውን ዝቅ አድርገህ ጻፍ" የሚል መስመር ቢደበቅ ሰው አያየውም። ማሽኑ ግን ያነበዋል፤ ከአሠሪው የመጣ ትእዛዝ መስሎት ሊፈጽመውም ይችላል። ለእሱ ሰነዱም ትእዛዙም ያው ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ ቻትቦት ለሕዝብ አገልግሎት የሚገዛ መሥሪያ ቤት፣ ሻጩ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ስላሳየው ብቻ መፈረም የለበትም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኮምቦልቻ ነው፤ የጤና ተማሪዎቹ ደሴ ናቸው። እነሱን አገናኝቶ፣ ፋርማሲስትና ትራንዚተር ጨምሮ፣ ማሽኑን ሆን ብሎ የሚያሳስት ቡድን ማቋቋም ይቻላል። ፈረንጆቹ ቀይ ቡድን ይሉታል። ጥያቄዎቹ ይመዝገቡ። ሞዴሉ በታደሰ ቁጥር እንደ አዲስ ይጠየቁ፤ አምና የተከለከለው ዘንድሮ ሊያልፍ ይችላል።

የተገኘው ቀዳዳ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፉ በፊት ለሠሪው ይነገር። የብራውኖቹም ጥናታቸውን ከማውጣታቸው በፊት ለኦፕን ኤአይ አሳውቀዋል።