«ኢ» የአሳማ ስብ ምልክት አይደለችም
ከውጭ በሚመጣ ብስኩትና ከረሜላ ማሸጊያ ላይ «ኢ» (E) ከሚል የላቲን ፊደል ጋር የተጻፈ ቁጥር ሁሉ የአሳማ ስብን ያመለክታል የሚለው አስተያየትዎ፣ ብዙ ሰው የሚያምንበት ቢሆንም፣ ስሕተት ነው። ፊደሏ አውሮፓን ትወክላለች፤ ቁጥሩ ደግሞ በዚያ የተፈቀደ የምግብ ማቅለሚያ፣ ማቆያ ወይም ማዋሃጃ (ዘይትና ውሃን የሚያዋህድ) መለያ ነው። ኢ100 ከእርድ የሚወጣ ቢጫ ቀለም ነው፤ ኢ300 ቫይታሚን ሲ ነው።

ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች ቡና ተጠራርተው በሚጠጡበት በወሎ፣ ለእንግዳ የሚቀርበው ነገር ከምን እንደተሠራ ማወቅ የአክብሮት ጉዳይ በመሆኑ ጥንቃቄዎን እጋራለሁ። በእርግጥ መጠየቅ ያለበት እንደ ኢ471 ያለው ማዋሃጃ ነው፤ ከአትክልት ዘይትም ከእንስሳ ስብም ሊሠራ ስለሚችል ቁጥሩ ብቻውን ምንጩን አይነግረንም። ለስላሳ ከረሜላ ውስጥ የሚገባው ጄላቲን ግን፣ ከአሳማ ወይም ከከብት ቆዳና አጥንት ሊወጣ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቁጥር በስሙ ስለሚጻፍ፣ ቁጥር ብቻ የሚፈልግ ሰው ሳያየው ያልፈዋል።