ደሴ ላይ ፎቅ ስትሰሩ ለሲኒማ አንድ አዳራሽ ተዉልን

ሰሞኑን ፒያሳ አካባቢ ህንጻ ከሚያስገነባ አንድ የማውቀው ሰው ጋር ሻይ ስንጠጣ ፕላኑን ዘርግቶ አሳየኝ። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ከኋላ በኩል ሰፊ አዳራሽ ነበር፣ ሲኒማ ተብሎ ተጽፎበታል፣ አሁን ግን በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ 6 ሱቅ ሆኗል። ምነው ስለው «ወንድሜ ሲኒማ ኪራይ አይከፍልም፣ ሰዉ ዩቲዩብ ላይ ነው ያለው» አለኝ። አልፈርድበትም፣ የባንክ ብድር ያለበት ሰው ነው። ግን ያቺ ቀይ መስመር ቤቴ ከገባሁ በኋላም ከአይኔ አልጠፋ አለችኝ፣ ለዛ ነው ይሄን የምጽፈው።

እኔ ፊልም ያወቅኩት ሸዋ በር ቪዲዮ ቤት ነው። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ቆሞ በጠመኔ ሰዓቱና የአክተሩ ስም ይጻፋል፣ የፊልሙን ስም ማን ይጠይቃል። ውስጥ ከጣውላ የተመታ አግዳሚ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ ፊት ለፊት አንድ ቲቪ ከነዴኩ፣ ከኋላ ደግሞ እንግሊዘኛ እችላለሁ የሚል ልጅ እየተረጎመልን፣ አክተሩ ሲመታ ሁላችንም ነበር የምንመታው። ስንወጣ የጦሳ ጭጋግ ፊታችን ላይ ነው። ደስ የሚል ጊዜ ነበር ግን አንድ ነገር መደበቅ የለበትም፣ እዛ ቤት ውስጥ ሴት አልነበረችም። እህቶቻችን በር ላይ እንኳን አይቆሙም ነበር።

በኋላ የአማርኛ ፊልም ሲመጣ ሰዎቹ ከአዲስ አበባ ፊልሙን ይዘው መጥተው አዳራሽ ተከራይተው ሁለት ሶስት ቀን ያሳዩና ይሄዳሉ። ሞንታርቦ የጫነች መኪና ከሮቢት እስከ ቧንቧ ውሃ እየዞረች ስትለፍፍ አንድ ቀን እናቴን ይዣት ወሎ ባህል አምባ ገባሁ። መብራቱ ሲጠፋ እጄን ጥብቅ አርጋ ያዘችኝ፣ ከዛ ፊልሙ ውስጥ ያለችው እናት ልጇን ስትሸኝ የኔዋ በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች፣ አጠገቧ የተቀመጠች የማናውቃት ሴትዮ ደግሞ «አይዞሽ እናቴ ይመለሳል» እያለች ታባብላታለች። እቤት ቲቪ ፊት እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም። እናቴ ሲኒማ የገባችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ፎቁ ልመለስ። ሲኒማን ገበያ ማዕከል ውስጥ ማስገባት የቅንጦት ሀሳብ የሚመስለው ሰው አለ፣ ታሪኩ ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤተሰብ ሁሉ ከመሃል ከተማ ወጥቶ ዳር ዳሩን ሲሰፍር፣ ቲቪም እቤት ሲገባ፣ መሃል ከተማ የነበሩት ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ባዶ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 ስታንሊ ዱርዉድ የሚባል ሰውዬ፣ ድርጅቱ በኋላ ኤኤምሲ የተባለው ትልቅ የሲኒማ ኩባንያ ማለት ነው፣ ካንሳስ ሲቲ ዋርድ ፓርክዌይ የሚባል የገበያ ማዕከል ውስጥ ሁለት አነስተኛ አዳራሽ ጎን ለጎን ከፈተ፣ ሁለቱ ተደምረው 700 ወንበር ገደማ። ትኬት መቁረጫው አንድ፣ ፈንድሻ መሸጫው አንድ፣ ሰራተኛው ያው። አንዱ ፊልም ሰው ባያመጣ ሌላው ያመጣል። ካናዳ ቶሮንቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ኢተን ሴንተር የሚባል የገበያ ማዕከል ውስጥ ከመኪና ማቆሚያው ስር፣ ማንም ሱቅ የማይከራየው ቦታ ላይ፣ 18 ትንንሽ አዳራሽ ከፈቱበት፣ እስከ 2001 ሰርቷል። ሲኒማ እኮ መስኮት አይፈልግም፣ ቪትሪን አይፈልግም፣ መንገድ ዳር መሆን አይፈልግም። ደሴ ላይ ፎቅ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ምድር ቤቱን ባንክና ካፌ ይሻሙበታል፣ ላይኛው ፎቅ ከኋላ በኩል ያለው ክፍል ግን ስንት አመት «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ይከርማል። 6ቱን ሱቅ ማን ደረጃ ወጥቶ ሊገዛባቸው ነው? ሲኒማ ካለ ግን ሰዉ ይወጣል፣ ሲወጣና ሲወርድም በየሱቁ በር ያልፋል።

ዩቲዩብ ገደለው ለሚለው ደግሞ እንግሊዝን ይዩልኝ። እ.ኤ.አ. በ1984 እዛ አገር በአመት የተቆረጠው የሲኒማ ትኬት 54 ሚሊዮን ብቻ ነበር፣ ከዛ በፊት እንደዛ ወርዶ አያውቅም፣ ሁሉም ቪዲዮ ካሴት ሲኒማን ቀበረው ይል ነበር፣ ልክ አሁን እኛ እንደምንለው። በ1985 ሚልተን ኪንስ በምትባል አዲስ ከተማ 10 አዳራሽ ያለው ሲኒማ ተከፈተ፣ ሌሎችም ተከተሉ፣ 10 አመት ሳይሞላ ትኬቱ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ካሴቱ ያኔም በየቤቱ ነበር። ሰዉ የጠላው ፊልም ማየት አልነበረም፣ አሮጌውን ወንበርና ብርዱን ነው። አዲስ አበባም ቢሆን ኤድና ሞልን ቦሌ መድኃኔዓለም ጋ ሲከፍቱት ወጣቱ እሁድን እዛ ማሳለፍ የለመደው በሲኒማው ነው፣ ኃይሌም ቦሌ ህንጻው ላይ ዓለም ሲኒማን ከፍቷል።

ችግር የለውም አልልም። የድሮዎቹ የሞል ሲኒማዎች ግድግዳቸው ስስ ስለነበረ የጎረቤቱ አዳራሽ ተኩስ ይሰማ ነበር፣ ብዙ አዳራሽ ያላቸው ትልልቅ ሲኒማዎች ሲመጡ ብዙዎቹ ተዘጉ። እኛ ጋ ደግሞ መብራት አለ፣ ማለቴ መብራት መጥፋት አለ፣ ጄኔሬተር የሌለው ሲኒማ ሰውን ሁለቴ አያመጣም። ስለዚህ 100 ወይ 150 ወንበር ያላት፣ ግድግዳዋ ድምጽ የማያሳልፍ፣ ጄኔሬተር ያላት አንድ አዳራሽ ትበቃናለች። ኮምቦልቻም የራሷ ያስፈልጋታል እንጂ «ደሴ መጥተው ይዩ» አይባልም፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውላ የወጣች ልጅ፣ ወይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተማሪ፣ ማታ ፊልም አይታ የሀረጎን ቁልቁለት በጨለማ ልትወርድ ነው? ታክሲውስ የት አለና።

እነዚህ ሁለት ከተሞች በእኛ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ያዩትን አይተዋል፣ ከዛ ወዲህ ተሰብስበን የተቀመጥንበትን ቦታ ስቆጥር አብዛኛው ለቅሶ ቤት ነው። አንድ ሌላ የምንሰበሰብበት ክፍል፣ አክስቴም የጎረቤቴ ልጅም ማንንም ሳይፈሩ የሚገቡበት፣ መጠየቅ በዛ እንዴ?

ህንጻ የሚሰራውን ሰው ትናንት ደወልኩለት። አንድ ነገር ብቻ ነው ያልኩት፣ ሲኒማ መሃሉ ላይ ኮለን፣ ምሰሶ ማለት ነው፣ መቆም የለበትም፣ ኮለኑ አንዴ ከወጣ በኋላ ቢቆጭህም ማፍረስ አትችልም፣ ስለዚህ ከኢንጅነሩ ጋር አሁኑኑ ተነጋገር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ናቸው፣ የሶስተኛው ሶሌታ ገና አልተሞላም።